መልስ፦ በጋዝ የሚሄዱት የመዝናኛ መርከቦች በእርግጥ ንጹሕ ናቸው?

በፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ የሚሄዱት ግዙፍ የመዝናኛ መርከቦች አካባቢን አይበክሉም የሚባለው እውነት እንደሆነ ለጠየቁት፣ እውነቱ ግማሽ ነው እላለሁ። እዚህ ሐዋሳ አሞራ ገደል አጠገብ ጀልባ ሲነሣ ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስና ውኃው ላይ ቀስተ ደመና መስሎ የሚንሳፈፈውን ዘይት ያየ ሰው፣ ጭሱ የማይታይ መርከብ ንጹሕ ቢመስለው አይፈረድበትም። ጋዙ ሰልፈርንና ጥላሸትን ከሞላ ጎደል ያስቀራል። ችግሩ ሞተሩ ውስጥ ሳይቃጠል የሚያመልጠው የተፈጥሮ ጋዙ ዋና ክፍል፣ ሚቴን፣ ነው፤ ይህ ጋዝ በ20 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ሙቀት ስለሚያምቅ፣ ጥቂት ማምለጡ እንኳ ለአየር ንብረት የተገኘውን ጥቅም ይበላዋል።

እኔ የበለጠ ተስፋ የማደርገው በወደቦች ነው። መርከቡ ቆሞም ቢሆን ለመብራት፣ ለማቀዝቀዣና ለወጥ ቤት ሲል ሞተሩን አያጠፋም፤ በአሜሪካ የአላስካዋ የወደብ ከተማ ጁኖ ግን ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመርከቦች ከየብስ ኤሌክትሪክ ትሰጣለች፣ ያውም ከውኃ ኃይል የመነጨ። የመርከብ ጉዞን የሚመራው የተባበሩት መንግሥታት ተቋም፣ ዓለም አቀፉ የማሪታይም ድርጅት፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የመርከቦችን የተጣራ የሙቀት አማቂ ጋዞች ልቀት በ2050 አካባቢ ዜሮ ለማድረስ ግብ ጥሏል፤ ዛሬ የሚሠራ መርከብ ግን 30 ዓመት ገደማ ስለሚያገለግል፣ ያኔ የሚነደው ነዳጅ ከአሁኑ እየተመረጠ ነው።