ለወጣቶች፦ ኑዛዜ በጤና ይጻፍ

ልጆቼ፣ በአገራችን ሰው ሕመም ሲጠናበት የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። የንስሐ አባት ይጠራሉ፣ ሁለት ሦስት ሽማግሌ አልጋው አጠገብ ይቀመጣል፣ በሽተኛው በደከመ ድምፅ «ባሕር ዳር ያለው ቤት ለታላቋ፣ ዘጌ ያለው ቡና ለታናሹ» ይላል። ቤተሰቡ ያን ቃል የማይነካ አድርጎ ይይዘዋል። ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን ይፈርሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜን የሚቀበለው ለሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ቀብር ለማዘዝ፣ ስለ ትንንሽ ልጆች አሳዳጊነት ለመናገርና ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ። ያውም ሁለት ምስክር ባለበት። ተናዛዡ ድኖ 3 ወር ከቆየ ደግሞ ቃሉ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ቤትና ቡና በአልጋ ላይ ቃል አይተላለፉም፤ ወንድምና እህት ለዓመታት የሚካሰሱትም ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው።

ለእናንተ መጻፌ ወላጆቻችሁ ወረቀት በፈለጉ ቀን የሚጠሩት እናንተን ስለሆነ ነው። ስትጠሩ ግን ወራሽ ከሆናችሁ ጸሐፊም ምስክርም አትሁኑ። ቅን ብትሆኑም «አግባብቶ አጻፈው» የሚል ክስ በራችሁን ያንኳኳል።

የሚበረታው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው። ተናዛዡ ራሱ ይጽፈዋል፣ ወይም እየተናገረ ሌላ ሰው ይጽፍለታል። ከዚያ ተናዛዡና 4 ምስክሮች በአንድነት ተቀምጠው ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑ እዚያው ኑዛዜው ላይ ይጻፋል፤ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ ሥራውን የሚያከናውን ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር (የመዝገብ ቤት ሹም) ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ከሆነ 2 ምስክር ይበቃል። አጥብቄ የምለምናችሁ እዚህ ላይ ነው፤ «ይህ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነቦ ፈርመናል» የምትለዋ አንዲት መስመር ካልተጻፈች፣ በእርግጥ ተነቦ ቢሆንም ኑዛዜው ይወድቃል። አንዱ ምስክር ዛሬ፣ ሌላው ከሦስት ቀን በኋላ ከገበያ ሲመለስ ሲፈርምም እንዲሁ ነው። ኑዛዜው ላይ የተጻፈው ቀንና የፈረሙበት ቀን ካልተስማማ ተቃዋሚው መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው።

ሁለተኛው ተናዛዡ ብቻውን በእጁ የሚጽፈው ነው። ምስክር አያስፈልገውም። ነገር ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሱ እጅ መሆን አለበት፤ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይናገራል፤ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ይኖራል። በኮምፒውተር አስተይቦ መጨረሻው ላይ ብቻ የሚፈርም ሰው ትልቅ ስሕተት ይሠራል። እንዲህ ያለውን ኑዛዜ በ7 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ዘንድ አለማስቀመጥም ያፈርሰዋል፤ ሣጥን ውስጥ የተቀበረ ወረቀት ዕድሜ አለው ማለት ነው።

ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት አብረው ይናዘዛሉ፤ በፍቅር ነው፣ ግን ሕጉ አይቀበለውም። ሁለት ወረቀት ይሁን። የአንዱን ልጅ ስም መዝለልም ከውርስ መንቀል አይደለም፤ መንቀል የሚፈልግ በግልጽ ተናግሮ ምክንያቱን ይጻፍ። ለአንዱ አድልቶ ለሌላው ከድርሻው ከሩብ በላይ ማጉደልም ክስ ይጋብዛል።

አሁን ወደ ራሳችሁ። «እኔ ምን አለኝ?» ትላላችሁ። አብራችሁ የምትኖሩ ባልና ሚስት ከሆናችሁ ኑዛዜ በሌለበት ባል ሚስቱን፣ ሚስትም ባሏን አትወርስም። ባል ቢሞት ከጋራ ንብረቱ ግማሹ የሚስቱ የራስዋ ነው፤ የእሱ ግማሽ ለልጆቹ በእኩል፣ ልጅ ከሌለ ለወላጆቹ ይሄዳል። ለትዳር አጋሩ ሊተው የሚሻ ይጻፍ። ከጻፈ በኋላ ልጅ ከተወለደ ወይም ትዳሩ ከፈረሰ የጻፈው ሊሻር ስለሚችል እንደገና ይጻፍ። የገጠር ይዞታ ላይ ደግሞ የሚወረሰው የመጠቀም መብት ነው፤ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ማን ሊወርስ እንደሚችል የክልሉ መሬት ሕግ ለብቻው ስለሚወስን ከመጻፋችሁ በፊት የይዞታ ደብተሩን ይዛችሁ መሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ሞት ሳይመጣ አቅም ሊጠፋ ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። አባት በስትሮክ ንግግሩ ሲዘጋ የሚቀርበው ወረቀት ውክልና ነው። ጠቅላላ ውክልና ግን የአስተዳደር ሥራ ብቻ ይፈቅዳል፤ ቤት መሸጥ፣ ማስያዝ፣ ክስ ማቅረብ፣ ስጦታ መስጠት ስሙ ተጠቅሶ በልዩ ሥልጣን መሰጠት አለበት። ከዚያም የከፋው፣ ወካዩ ችሎታውን ሲያጣ ወይም ሲሞት ተቃራኒ ስምምነት ካልተጻፈ ውክልናው ያበቃል። ስለዚህ ወረቀቱ በጤና ቀን ሲሠራ «ችሎታዬን ባጣም ይቀጥላል» የሚለውን አስገቡ። ካልተጻፈ መንገዱ ረጅሙ ነው፤ ፍርድ ቤት በሽተኛውን በራሱ ሕጋዊ ሥራ እንዳይሠራ በፍርድ ከልክሎ ሞግዚትና አሳዳሪ እንዲሾምለት መጠየቅ፤ በተከለከለ ማግሥት ደግሞ ኑዛዜ ሊያደርግ አይችልም።

ሰው ከሞተ በኋላ በሚስጥር ቁጥሩ ከባንክ ወይም ከቴሌብር ገንዘብ አታውጡ። ለቀብር ቢሆን እንኳ ነገ ከሌሎቹ ወራሾች ጋር ያጣላል። የሞት ምዝገባ በ30 ቀን ውስጥ ይፈጸም፣ ወራሽነቱ በፍርድ ቤት ይረጋገጥ፣ ባንክ የሚቀበለው ያንን ነው። የዚህን ጊዜ ብዙውን ሰው የሚያንከራትተው ስም ነው፤ መታወቂያው ላይ አንድ፣ ካርታው ላይ ሌላ። ወላጆቻችሁ በሕይወት ሳሉ ስማቸውን በየወረቀቱ አንድ አስደርጉላቸው። ደግሞ ስለ ተዝካር አንድ ነገር፤ ሕጉ የቀብር ወጪን ከውርሱ ዕዳዎች ሁሉ ያስቀድማል፣ ከሰውየው ኑሮ ጋር የተመጣጠነ እስከሆነ ድረስ። የመታሰቢያ ወጪ ግን ከቀብር ወጪ አይቆጠርም። በሬ የሚታረድበትንና ጠላ የሚጠመቅበትን ገንዘብ ከውርሱ ላይ ቀድሞ የሚያነሳ ወራሽ አበዳሪ ሲመጣ ከኪሱ ሊከፍል እንደሚችል ይወቅ።

ዋናውን ኑዛዜ ሬጅስትራር ዘንድ አስቀምጡ፤ የት እንዳለ ለሚስት ወይም ለባል፣ ለአንድ ታማኝ ዘመድና ውርስ አጣሪ (የሟቹን ንብረትና ዕዳ አጣርቶ ለወራሾች የሚያደርስ) ብላችሁ ለሰየማችሁት ሰው ተናገሩ። ኮፒውን ለሁሉም አታድሉ፤ ኑዛዜ እስከ ሞት ቀን የሚሻር ወረቀት ነው፣ ሰው ደግሞ ያየውን ድርሻ ከአሁኑ እንደ ራሱ ይቆጥረዋል።