«ኪልት ልበስ» ሲሉህ፦ ከአንባቢያን ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ሰሞኑን ከስኮትላንድ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ባብዛኛው ስለ አንድ ልብስ፣ ስለ ኪልት፣ ማለትም ስለ ስኮትላንድ ወንዶች ሽንሽን ጉርድ ሆነዋል። የባልደረባ ሠርግ አለ፣ የመሥሪያ ቤት እራት አለ፣ ጃንዋሪ 25 ደግሞ የገጣሚው የሮበርት በርንስ የልደት ምሽት አለ። ጠሪው «ኪልት ብትለብሱ ደስ ይለናል» ይላል፤ ተጠሪው ልብስ አከራይ ቤት መስታወት ፊት ቆሞ ግራ ይጋባል። እዚህ የመለስኳቸው ሁሉ ጥብቅ የክብር ልብስ የማይጠየቅባቸውን፣ በቲሸርትም የማይኬድባቸውን ግብዣዎች የሚመለከቱ ናቸው። ለእንዲህ ያለው ቦታ ደጋግሜ የምለው ልኩን አስተካክሉ፣ ጌጡን ቀንሱ ነው።

ጥያቄ፦ «አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ግላስጎ ላይ ሊያገባ ነው፤ ኪልት ለብሼ እንድገኝ ጠይቆኛል። እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ። የሰው ጎሳ ታርታን (ባለ ካሬውን የኪልት ጨርቅ) ለብሼ ብታይ ነውር አይሆንም?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልበስ። ሙሽራው ራሱ ጠይቆህ እምቢ ብትል ነው ቅር የሚለው። ታርታንን ከዘር ጋር አስሮ ሌላውን የሚከለክል ሕግ የለም። ሁሉም አክብሮ የሚተወው ለንጉሣዊው ቤተሰብ የተለየውን፣ ባልሞራል የሚባለውን ነው። ጎሳ የሌለው እንግዳ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ብላክ ዎችን ነው፤ ጠቆር ያለ አረንጓዴና ጠቆር ያለ ሰማያዊ የተጠላለፉበት፣ መነሻው ከሠራዊት የሆነ ታርታን። ከጥቁርም ከግራጫም ጃኬት ጋር ይሄዳል፤ ዓይን አይወጋም። ሌላም ሞልቷል፦ በስኮትላንድ ከ2009 ጀምሮ መንግሥት የሚይዘው የታርታን መዝገብ አለ፤ ከጎሳዎች ሌላ ከተሞች፣ ድርጅቶች፣ የስኮትላንድ አይሁዶችና ሙስሊሞች ሳይቀሩ የየራሳቸው ታርታን አላቸው።

ስጋትህ ከአክብሮት የመጣ ስለሆነ ታሪኩን በጥቂቱ ልንገርህ። ከሥልጣን የወረዱትን የስቱዋርት ነገሥታት ለመመለስ ከተነሣው ከ1745ቱ አመፅ በኋላ የለንደን ፓርላማ በ1746 ባወጣው ሕግ የደጋማው ስኮትላንድ ወንዶች ይህን ልብስ እንዳይለብሱ ከለከለ። ለብሶ የተገኘ ስድስት ወር ይታሰር ነበር፤ የደገመ ሰባት ዓመት ወደ ባሕር ማዶ ይጋዝ ነበር። ክልከላው የተነሣው በ1782 ነው። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ ኤድንብራን ሲጎበኝ ግን፣ ደራሲው ዋልተር ስኮት ባሰናዳው አቀባበል ላይ ንጉሡ ራሱ ኪልት ለብሶ ታየ። እስር ቤት ያስገባ የነበረ ልብስ ዛሬ ለእንግዳ «ናና ልበስልን» የሚባልበት ሆኗል። በደስታ ተቀበለው።

ብቻ ሙሽራውን አስቀድመህ ጠይቅ፦ እሱና ሚዜዎቹ የትኛውን ታርታን ነው የሚለብሱት? ያንኑ ለብሰህ ከመጣህ ፎቶ አንሺው ከሚዜዎቹ ጋር ያሰልፍሃል።

ጥያቄ፦ «መሥሪያ ቤታችን ኖቬምበር 30 የቅዱስ እንድርያስን በዓል ምክንያት አድርጎ እራት ያበላናል። አከራይ ቤቱ ፕሪንስ ቻርሊ የሚባለውን ጃኬት በፓፒዮን ሰጠኝ። የተቀረው ሰው በተራ ክራባት ቢመጣስ? (ከኤድንብራ)»

መልስ፦ መልሰውና አርጋይል የሚባለውን ጠይቅ። ፕሪንስ ቻርሊ ከኋላው አጭር ጅራት ያለው፣ ሰደርያው በሦስት ቁልፍ ዝቅ ብሎ የሚዘጋ፣ ከነጭ ሸሚዝና ከፓፒዮን ጋር የሚሄድ የማታ ልብስ ነው። ሌላው ሰው በጥቁር ፓፒዮን በሚመጣበት እራት ቦታው ነው። አርጋይል ግን አጠር ብሎ የተቆረጠ ተራ ኮት ይመስላል፤ እጅጌው ጫፍ ላይ ሰፊ እጥፋት አለው፤ ከረጅም ክራባት ጋር ይለበሳል። በጥቁር ጨርቅ ከተሠራ ማታ ያስኬዳል፣ በትዊድ (ሻካራ የሱፍ ጨርቅ) ከተሠራ ቀን ያምራል። አንድ ጃኬት ለመግዛት ያሰበ ሰው ቢጠይቀኝ ሳላመነታ አርጋይል ነው የምለው።

ክራባቱ አንድ ወጥ ቀለም ይሁን፤ ከታርታኑ ውስጥ ካሉት ቀለሞች ጸጥ ያለውን ምረጥለት። በታርታን ላይ የታርታን ክራባት መደረብ ይበዛል። ሰደርያ ካደረግህ ቀበቶ አታድርግ፤ ከሰደርያው ሥር ዘለበቱ ያብጣል፣ ኪልቱን ደግሞ የሚይዙት በጎንና በጎኑ ያሉት ማሰሪያዎች እንጂ ቀበቶው አይደለም። ሰደርያ ከሌለ ሰፊ ጥቁር ቀበቶ ያምራል።

ስፖራን የሚባለው ከፊት የሚንጠለጠለው ቦርሳ ሦስት ዓይነት ነው። ሙሉ ቆዳው የቀን ነው፤ ከላይ ብር የመሰለ ክፈፍ ያለው ፀጉራሙ የክብር ማታ ነው፤ ፊቱ ላይ ብቻ ፀጉር ያለው መካከለኛ ነው። ለአንተ እራት ከጥቁር ቆዳው ወይም ከመካከለኛው አንዱ ይበቃል። ከሰደርያው ጫፍ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል። ዳንስ ሲጀመር ሰንሰለቱን አዙረህ ወደ ጎን አድርገው፣ አለዚያ ሲዘሉ ሲመታህ ያመሻል።

በነገራችን ላይ ኖቬምበር 30 በአብዛኛው ዓመት ከህዳር ጽዮን ጋር አንድ ቀን ላይ ይውላል፤ ጾመ ነቢያትም ገብቷል። የምትጾም ከሆነ ለአዘጋጆቹ ቀደም ብለህ ንገር። ሀጊስ የሚሉት የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ከአጃ ጋር የሚሠራው ምግባቸው ሥጋ የሌለበትም አለው። ቅቤና ወተት እንዳይገባበት ግን ለይተህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ «የተከራየሁት ኪልት ይወርድብኛል፤ ስቆም ጉልበቴን ሸፍኖ ባቴ ላይ ይደርሳል። የሱሪዬን ቁጥር በትክክል ነበር የነገርኳቸው። (ከአበርዲን)»

መልስ፦ ችግሩ የሱሪው ቁጥር ነው። ሱሪ ዳሌ ላይ ይታሠራል፤ ኪልት ግን ከፍ ብሎ እምብርት አካባቢ ነው የሚታሠረው። እዚያ ላይ ሰውነታችን ሌላ ልክ አለው፤ ብዙዎቻችን ከሱሪ ቁጥራችን እንሰፋለን። ስለዚህ ሜትር ይዘህ ሦስት ነገር ለካ፦ ወገብህን በእምብርትህ ትክክል፣ መቀመጫህን በሰፋበት ላይ፣ ከዚያ ከእምብርት እስከ ጉልበት ሎሚህ መካከል። ስትለካ ሆድህን አትሳብ፤ እራት የምትበላው በዚያው ወገብ ነው።

ጫፉ ማረፍ ያለበት ከጉልበት ሎሚ አናት እስከ መካከሉ ባለው ቦታ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ የሚፈትሹት በማንበርከክ ነው፤ ተንበርክከህ ቀጥ ስትል ጫፉ መሬቱን ነካ ሊያደርግ ወይም ጥቂት ከፍ ሊል ይገባል። መሬት ላይ ከተጠቀለለ ረጅም ነው፤ ከፍ አድርገህ እሰረው፣ ካልሆነም ይቀየርልህ።

ስትለብስ ሽንሽኑ ከኋላ፣ ሜዳው ከፊት ነው። የላይኛው ፊት የሚዘጋው በቀኝህ ነው፤ የተቋጨው ጠርዝ በቀኝ ጭንህ ላይ ይወርዳል። ስፒሉ እዚያ ታች ቀኝ ጥግ ላይ ይሰካል፤ የላይኛውን ጨርቅ ብቻ ይውጋ። ሁለቱን አጣብቀህ ከሰካኸው ስትቀመጥ ጨርቁ ይቀደዳል፤ የኪራይ ልብስ ላይ ይህ ጉዳት የተለመደ ነው። መቀመጥንም ተለማመድ፦ በእጅህ ጀርባ ሽንሽኑን ከኋላህ ወደ ታች እየጠረግህ ተቀመጥ፤ ከዚያ ጉልበትህን ገጥም፣ ስፖራኑ በጭኖችህ መካከል ይረፍ።

የምትገዛ ከሆንክ ደግሞ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየው ከኋላ ነው። ጥሩ ኪልት ስምንት ያርድ፣ ማለትም ሰባት ሜትር ከሩብ ያህል ጨርቅ ይገባበታል፤ ከበግ ፀጉር የተፈተለ፣ በያርድ ከ13 እስከ 16 አውንስ የሚመዝን። ዞር በልና ሽንሽኑን እይ፦ ከፊት ያየኸው የታርታን ካሬ ከኋላም ሳይሰበር ከቀጠለ፣ ሰፊው እያንዳንዱን እጥፋት ቆጥሮ ነው ያጠፈው። መሥመሩ ከተዘበራረቀ፣ ሽንሽኑም በጣት ሲይዙት ስስ ከሆነ፣ ለመታሰቢያ የሚሸጥ ነው፤ ለሠርግ አትግዛው። ከዚያ በጥሩ ጨርቅ የተከራዩትን መልበስ ይሻላል።

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ ለዘመዶቹ የበርንስ እራት ኪልት ይለብሳል። እኔስ? ሀበሻ ቀሚሴ ላይ የእነሱን የታርታን ሻሽ ላድርግበት? አማቴ ሰጥታኛለች።»

መልስ፦ እህቴ፣ ሀበሻ ቀሚሱን ልበሺ፤ ለእንዲህ ያለ ምሽት ከእሱ የተሻለ አላውቅም። ሻሹን ግን ጥለቱ ላይ አትደርቢው። ጥለቱም በቀለም የተሞላ፣ ታርታኑም በቀለም የተሞላ ነው፤ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። የአማትሽ ስጦታ ስለሆነ መተው ደግሞ አይሆንም። ሁለት መንገድ አለሽ። ጥለቱ ቀጭን የሆነ፣ ደረቱ ላይ ጥልፍ የሌለው ነጭ ቀሚስ ካለሽ ነጠላውን ትተሽ ሻሹን በቀኝ ትከሻሽ ላይ በብሮሽ ያዢው፤ በልማዳቸው የግራው ትከሻ የጎሳ አለቆች ሚስቶችና የመሳሰሉት ቦታ ነው። ቀሚስሽ በጥልፍ የደመቀ ከሆነ ግን ነጠላሽን ለብሰሽ ሂጂ፤ ሻሹን አንድ ወጥ ቀለም ባለው ልብስ በሌላ ቀን ልበሺላት፣ ይህንንም አስቀድመሽ ንገሪያት።

ከእራት በኋላ ኬይሊ የሚሉት የጋራ ጭፈራ ይኖራል። ስትሪፕ ዘ ዊሎው በሚባለው ጭፈራ ላይ እጅ ለእጅ እየተቀባበሉ ነው የሚያሽከረክሩሽ፤ መሬት የሚጠርግ ቀሚስና ቀጭን ተረከዝ ለዚያ አይመቹም። ቀሚሱን ቁርጭምጭሚትሽ ላይ አሳጥሪው፣ ዝቅ ያለ ጫማም ያዢ።

ጥያቄ፦ «ልጄ ስኮትላንዳዊ ልታገባ ነው፤ ድግሱ አዲስ አበባ ነው። እሱና ወንድሞቹ ኪልት ለብሰው መምጣት ይፈልጋሉ። በድግሱ ዋዜማ ቤተ ክርስቲያን ልንሳለም እንሄዳለን፤ በዚያው ልብስ ይምጡ?»

መልስ፦ እናቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ለድግሱ ይልበሱ፤ የአዲስ አበባ ምሽት ቀዝቃዛ ስለሆነ የሱፉ ክብደት አያስቸግራቸውም። ለቤተ ክርስቲያኑ ግን ጉልበት የሚያሳይ ልብስ ስለሆነ አስቀድመው ካህኑን ይጠይቁ፤ እኔ ብሆን ሱሪ ለብሰው ነጠላ እንዲያጣፉ ነበር የምመክረው።

ኪልቱ ከተፈቀደ ደግሞ ስለ ጫማው ያሳስቧቸው። ጊሊ ብሮግ የሚባለው የኪልት ጫማ ምላስ የለውም፤ ረጅሙ ማሰሪያ ፊት ለፊት ተገምዶ፣ ቁርጭምጭሚትን ዞሮ ነው የሚታሠረው። ደጃፍ ላይ ጫማ አውልቁ ሲባል ሕዝቡ ከኋላ ቆሞ እነሱ ጎንበስ ብለው ማሰሪያ ይፈታሉ፤ ሲወጡም ያንኑ። ተራ ጥቁር ቆዳ ጫማ ከኪልት ጋር ያስኬዳል። ካልሲ ላይ የምትሰካውን ስኪን ዱ የተባለች ትንሽ ቢላም እቤት ይተዉ።

ስለ ቢላዋ ሌሎችም ጠይቃችኋል። በስኮትላንድ ሕግ የባህል ልብስ አካል ሆና ስትያዝ ተቀባይነት ያለው ምክንያት ነው። አውሮፕላን ላይ ግን በእጅ ሻንጣ አትገባም፤ በሚጫነው ሻንጣ ትሂድ። ከአከራይ የምታገኙት ብዙ ጊዜ ስለት የሌለው ማስመሰያ ነው፤ ለእንግዳ እሱ ከበቂ በላይ ነው። በቀኝ እጅህ የምትሠራ ከሆነ ቀኝ ካልሲህ ላይ፣ እጀታው ብቻ እየታየ።

ጥያቄ፦ «ለመጠየቅ አፍሬ ነበር፤ ከሥሩ ምን ይለበሳል?»

መልስ፦ የውስጥ ሱሪ። ሌላ የሚሉህን አትስማ፤ ጭፈራ አለ፣ ልጆች አሉ፣ የተከራየኸውን ልብስ ነገ ሌላ ሰው ይለብሰዋል።

ጥያቄ፦ «ካልሲው ነጭ ይሁን?»

መልስ፦ ነጭ የበዛው በልብስ አከራይ ቤቶች ነው። እኔ ግራጫ፣ ጥቁር አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሰማያዊ እመርጣለሁ። አፉ ታጥፎ ከጉልበት ሎሚ ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ይበል፤ ከእጥፋቱ ሥር ብቅ የሚሉት ባለ ቀለም ጨርቆች ወደ ውጭው የእግር ጎን ይዙሩ።

ጥያቄ፦ «ኪልቴን ሳልጨማድድ ለንደን እንዴት ላድርሰው?»

መልስ፦ ጠረጴዛ ላይ ዘርጋው፣ ሽንሽኑን አንድ በአንድ በእጅህ አስተኛ። ከአንዱ ጎን ጀምረህ እንደ ምንጣፍ ወደ ሌላው ጎን ጠቅልለው፤ ሽንሽኑ በጥቅሉ ርዝመት ይተኛል። ከዚያ እግሩ የተቆረጠ የሴት ስቶኪንግ አጥልቅበት። ስትደርስ ወዲያው አውጥተህ ወገቡን በቆንጣጭ ማንጠልጠያ ስቀለው፤ ሻወር ቤት እንፋሎት ባለበት ጥቂት ካደረ ካውያም አያስፈልገው።