«እዚህ ጋ ይፈርሙ» ከመባሉ በፊት

ልጆችን በሕክምና ምርምር ስለማሳተፍ ከአንባቢያን የደረሱንን ጥያቄዎች እንመልሳለን።

የልጅ ልጄ 4 ዓመቱ ነው። አባቱ በሕይወት የለም፤ እናቱ ሪያድ ናት። ለጥናት እንዲገባ ጠይቀውኛል፤ እኔ ልፈርም? (አያት፣ ከደሴ)

እማማ፣ ልጁን ማሳደግዎ ብቻውን የመፈረም ሥልጣን አይሰጥዎትም። የቤተሰብ ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ አሳዳሪና ሞግዚት የሚያደርገው ወላጆቹን ነው። እናቱ ሪያድ መኖሯ መብቷን አያስቀርም። አጥኚዎቹ ለእሷ በስልክ እንዲያስረዷት ይጠይቁ፤ በስልክ የተሰጠ ፈቃድ እንዴት እንደሚመዘገብም ጥናቶችን ከመጀመራቸው በፊት በሚመረምረው የሥነ ምግባር ኮሚቴ የጸደቀ አሠራር እንዳላቸው ያረጋግጡ። ፍርድ ቤት ሞግዚት አድርጎ ሾሞዎት ከሆነ ውሳኔውን ይዘው ይሂዱ። «እናት» በሚለው መስመር ላይ ግን በፍጹም አይፈርሙ። ነገሩን ለማቅለል ተብሎ ቢደረግም ሲታወቅ የልጁ መረጃ ሊሰረዝ ይችላል፤ ጉዳት ቢደርስም «ማን ፈቀደ?» የሚል ክርክር ያስነሳል።

ማንበብ አልችልም። አሻራ ካደረግኩ አይበቃም?

አይበቃም። ማንበብ የሚችልና የአጥኚዎቹ ባልደረባ ያልሆነ ምስክር ማብራሪያው ሲጀመር ጀምሮ እስኪያልቅ አብሮዎት መቀመጥ አለበት። የተለመደው ስህተት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ኮሪደር ላይ ያለን ሰው ጠርቶ ማስፈረም ነው። ያ ሰው ያልሰማውን ነው የሚመሰክረው። ከቅጹ አንድ ቅጂ ለእርስዎ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ፤ ቤት የሚያነብልዎት አይጠፋም።

እኔ ፈርሜያለሁ፤ የ14 ዓመት ልጄ ግን አልፈልግም አለ። የማን ቃል ይጸናል? (አባት፣ ከሐዋሳ)

ጥናቱ ለልጅዎ በቀጥታ የሚሰጠው የሕክምና ጥቅም ከሌለ የልጁ «እምቢ» መከበር አለበት። በአገራችን በብዙ ጥናቶች ከ12 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች ከወላጅ ፈቃድ ሌላ የራሳቸውን ፈቃደኝነት በተለየ ቅጽ ይጠየቃሉ። ሁለቱ አብረው ካልተገኙ ልጁ አይገባም።

በእኛ ግምት ከባዱ እምቢ የሚለው ልጅ አይደለም፤ ዝም የሚለው ነው። ልጆቻችን በትልቅ ሰው ፊት አንገት መድፋትን ጨዋነት ብለን አስተምረናቸዋል። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ሲጠይቃቸው፣ አባት ደግሞ አጠገባቸው ሲቀመጥ፣ ዝምታቸው እሺታ ይመስላል። የአሜሪካ ደንብ አለመቃወም ብቻውን ፈቃደኝነት እንዳልሆነ በግልጽ ይደነግጋል፤ ለእኛ ይበልጥ የሚያስፈልገን ነው። ስለዚህ ልጁ ለብቻው ይጠየቅ፤ እርስዎ ውጭ ይጠብቁ። «ገባህ?» መባል የለበትም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነውና። «ምን ሊያደርጉህ ነው? ስንት ጊዜ ትመጣለህ? ብትተው ምን ይሆናል?» ይባልና በራሱ ቃል ይመልስ። ካልቻለ እንደገና ይብራራለት። እምቢ ካለ ምክንያቱን ይጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ የሚፈራው መርፌውን ወይም ከትምህርት መቅረቱን ነው፤ ይህ ደግሞ ሊስተካከል ይችላል።

ልጄ 12 ኪሎ ናት። ለጥናት ስንት ደም ቢወሰድ አይጎዳትም?

በአሜሪካ አነስተኛ አደጋ ላላቸው ጥናቶች የተቀመጠው ጣሪያ በ8 ሳምንት ውስጥ በኪሎ 3 ሚሊ ሊትር ወይም በአጠቃላይ 50 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከሁለቱ ያነሰው ይወሰዳል። ለእርስዎ ልጅ 36 ሚሊ ሊትር፣ በሻይ ማንኪያ ሰባት ግድም ማለት ነው። ከሳምንት ሁለት ጊዜ በላይም አይቀዳም። ይህ ለጤነኛ ልጅ ነው፤ የደም ማነስ ካለባት መጠኑ ዝቅ ማለት አለበት። ለሕክምናዋ የሚቀዳውንም ደምረው ይጠይቁ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ከልጄ አባት ተፋተናል። የእኔ ፊርማ ብቻ ይበቃል?

እንደ አደጋው መጠን ነው። አደጋው አነስተኛ ከሆነ፣ ወይም ከፍ ቢልም ልጁን በቀጥታ የሚጠቅም ከሆነ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴው የአንድ ወላጅ ፈቃድ በቂ ነው ሊል ይችላል። አደጋው አነስተኛ ከሚባለው በጥቂቱ ከፍ ብሎ ለልጁ ቀጥተኛ ጥቅም ከሌለው የሁለታችሁም ያስፈልጋል። አባቱ ካረፈ፣ ማንነቱ ካልታወቀ፣ በአግባቡ ሊገኝ ካልቻለ፣ ወይም የማሳደግ ሕጋዊ ኃላፊነቱ የእርስዎ ብቻ ከሆነ ግን የእርስዎ ይበቃል። የፍርድ ቤቱን ወረቀት ይያዙ። አማርኛ አስተርጓሚም ይጠይቁ፤ ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉት።

ከገባን በኋላ ማቋረጥ እንችላለን?

በማንኛውም ቀን፣ ምክንያት ሳትሰጡ ትችላላችሁ፤ መደበኛ ሕክምናውም አይቀርበትም። የሚወስደውን መድኃኒት ግን በራሳችሁ በድንገት አታቁሙ፤ አንዳንዱ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው፤ መጀመሪያ ለሐኪሙ ንገሩት። እስከዚያ የተሰበሰበው መረጃ ሊቆይ ስለሚችል የተቀመጠው ናሙና ይወገድ እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ጥናቱ እየቀጠለ ልጁ 18 ዓመት ከሞላው የእናንተ ፊርማ ያበቃል፤ እሱ ራሱ እንደ አዲስ መጠየቅ አለበት።