በኒው ዮርክ ሙዚቃዊ ቴአትር በቅናሽ ለማየት

ለሁለት ቀን ኒው ዮርክ ሲሄዱ ሙሉ ዋጋ ሳይከፍሉ የብሮድዌይ (የከተማዋ ትልልቅ ቴአትር ቤቶች የተሰባሰቡበት ሰፈር) ሙዚቃዊ ቴአትር ማየት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ይቻላል። ታይምስ ስኩዌር 47ኛው ጎዳና ላይ፣ ሰው ተቀምጦ ፎቶ ከሚነሳባቸው ቀይ ደረጃዎች ሥር «ቲኬቲኤስ» የሚባል የትኬት መሸጫ አለ። ለዚያው ቀን ያልተሸጡ ወንበሮችን እስከ 50 በመቶ ቀንሶ ይሸጣል።

1. የዕለቱ ትርኢቶች ሰሌዳው ላይ ይወጣሉ። ሁለት ሦስት ይምረጡ፤ ተራዎ እስኪደርስ የመጀመሪያው ሊያልቅ ይችላል። እጅግ የሚፈለጉት እዚያ እምብዛም አይገኙም።

2. ረቡዕ ወይም ቅዳሜ ከሆነልዎ ብዙዎቹ የቀንም የማታም ትርኢት አላቸው። ሰኞን ይተዉት፤ አብዛኞቹ ቴአትር ቤቶች ዝግ ናቸው።

ከመክፈልዎ በፊት ግን ወንበሩ መድረኩን ሙሉ በሙሉ ያሳይ እንደሆነ ይጠይቁ። እኔ በቅናሹ ተደስቼ ሳልጠይቅ ገዛሁና ግራ ጥግ ተወሸቅሁ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሰገነት ላይ ወጥታ ስትዘፍን የታየኝ ጫማዋና የቀሚሷ ጫፍ ብቻ ነበር። ከፊቴ የተቀመጡት አሮጊት እንባቸውን ሲጠርጉ እኔ አንገቴን አሰግግ ነበር።