ቱርቦውን ከማስፈታትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴ ታሪክ ነው የመሰለኝ። ናፍጣ ፒካፕ ነው። ከሸዋ ሮቢት ጭነህ ስትነሳ ደህና ነው። የደብረ ሲናን ዳገት ስትጀምር ጉልበቱ ጥፍት ይላል፣ የሞተር መብራት ይበራል። ዳር ይዘህ አጥፍተህ ስታስነሳው ደግሞ ምንም እንዳልነካው ይሄዳል። ጋራዡ «ቱርቦው (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ዕቃ) አልቋል» ብሎሃል፤ አንተም ያገለገለ ቱርቦ በርካሽ የት እንደሚገኝ ትጠይቃለህ።

የት እንደሚገኝ አውቃለሁ። ግን አሁን አልነግርህም። ገና አትግዛ።

አጥፍተህ ስታስነሳው የሚመለስ ከሆነ ቱርቦው የማለቁ ነገር በጣም ያጠራጥራል። ያለቀ ቱርቦ ቁልፍ ስላዞርክ አይድንም። ኮምፒውተሩ የጠየቀው ግፊት ሌላ፣ የመጣለት ግፊት ሌላ ሆኖበት ሞተሩ እንዳይጎዳ ጉልበቱን ቆርጦብሃል። ስታጠፋው እገዳው ይነሳል። ዳገት ላይ እንደገና ስትረግጠው ያው ይደገማል።

1. የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነበው መሣሪያ፣ በስካነር፣ የብልሽቱን ኮድ አስነብብና ቁጥሩን ራስህ ጻፈው። «የቱርቦ ኮድ ነው» የሚል መልስ አትቀበል። ፒ0299 ከሆነ ግፊቱ ከተጠየቀው አንሷል ማለት ነው። ፒ0234 ከሆነ በዝቷል። ሁለቱ ለየቅል በሽታ ናቸው። ሲያንስ የሚያፈስ የአየር ጎማ (ከቱርቦው ወደ ሞተሩ አየር የሚወስደው ወፍራም ቱቦ)፣ የተሰነጠቀ የቫኪዩም ቱቦ (ቱርቦውን በመሳብ የሚያዘው ቀጭን ቱቦ) ወይም የማይሠራ ሶሌኖይድ (ቫኪዩሙን በኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ) ይፈለጋል። ሲበዛ ደግሞ ቱርቦው ውስጥ ያሉት ተንቀሳቃሽ ክንፎች ጥላሸት ይዟቸው እንደተዘጉ ቀርተው ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ ኮዶች አንዱም «ቱርቦ ቀይር» አይልም።

2. ቁልፉን አዙር፣ ሞተሩን ግን አታስነሳ። ስካነሩ ላይ የማፕ ሴንሰሩን፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካውን፣ ንባብ እይ። ሞተር ካልተነሳ ሴንሰሩ የሚያነበው የቆምክበትን አገር አየር ነው። በባሕር ጠለል ላይ 101 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። እኛ አገር ግን እንደዚያ አይደለም። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ 72 አካባቢ ታያለህ። ሸዋ ሮቢት ወርደህ ብታየው 87 አካባቢ ይሆናል፣ ጣርማ በር ስትደርስ ወደ 70 ይወርዳል። ይህን የምልህ በምክንያት ነው። አንድ ኤሌክትሪሽያን ኢንተርኔት ላይ «100 መሆን አለበት» የሚል አንብቦ ደህናውን ሴንሰር «ሞቷል» ብሎኝ ነበር። ሁለት መኪና ጎን ለጎን አቁመን የሌላውንም ስናየው ያው 72 ሆነ፤ ዝም አለ።

ዳገት ላይ ብቻ የሚሞትብህም ለዚሁ ነው። ሙሉ ጭነት ላይ ሞተሩ 200 ኪሎፓስካል ቢፈልግ፣ ከ100 ተነስቶ 200 ለመድረስ አየሩን እጥፍ ማድረግ ይበቃል። ከ70 ተነስቶ ግን ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ነው። ቱርቦው የበለጠ መሽከርከር አለበት። ቆላ ላይ ማንም የማያስተውለው ትንሽ ቀዳዳ ደጋ ላይ ይጋለጣል። ደብረ ሲናን አልፈህ ወደ ጣርማ በር ዋሻ ስትወጣ የሚሆነው ይኸው ነው። መኪናው ያረጀብህ እንዳይመስልህ።

3. ቱርቦውን የግድ እንይ ካሉህ ሲፈቱ አጠገባቸው ቁም። የተጎዳሁት እዚህ ላይ ስለሆነ በደንብ አንብበው።

የሄድኩበት ጋራዥ ትልቅ ነው፣ ሠራተኛውም ብዙ ነው። የአየር ጎማውን ነቀሉ፤ ልጁ ጣቱን አስገብቶ የቱርቦውን ዘንግ ወደ ጎን ነቅነቅ፣ ነቅነቅ አደረገው። «ይኸው፣ ይጫወታል፤ አልቋል» አለኝ። እኔም በዓይኔ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ምን ልበል? እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሞተር ሲጠፋ በዘንጉ ዙሪያ ያለው የዘይት ግፊት ስለማይኖር ወደ ጎን ትንሽ መጫወቱ ጤናማ ነው። መታየት ያለበት ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሳብ አለመሳቡ ነው። ከተሳበ፣ ወይም ዘንጉ ላይ ያለው የሚሽከረከረው ክንፍ የቱርቦውን ቤት ግድግዳ ከነካና ከጫረ፣ ያኔ እውነትም አልቋል። የኔ አልነካም፣ አልጫረም። ይህን የሚያውቅ ሰው አጠገቤ አልነበረም፣ እነሱም አልነገሩኝም።

ያገለገለ ቱርቦ አስገቡ። የከፈልኩት ገንዘብ ሁለት የደለበ በሬ ይገዛ ነበር። ሽንኩርት ጭኜ ከሸዋ ሮቢት ተነሳሁ፣ ያው ዳገት ላይ ያው መብራት በራ። ተመልሼ ስሄድ ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። ይልቅ ከቱርቦው ጎን ያለችውን የተንቀሳቃሽ ክንፎቹን ማቆሚያ ብሎን በመፍቻ አዞሯት። ያቺ ብሎን በፋብሪካ ተለክታ የተዘጋች ናት። ማንም እንዲነካት አትፍቀድ! እሷን ካዞሯት በኋላ የማነስ ኮድ ላይ የመብዛት ኮድ ተጨመረበት። መኪናው አንዴ እንደ አውሬ ይዘላል፣ አንዴ ይሞታል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። አሮጌውን ቱርቦዬን መልሱልኝ ስላቸው «ተጥሏል» አሉኝ። ደህና ቱርቦ የሚጥል ጋራዥ እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ ከመፈታቱ በፊት «የወለቀው ዕቃ ለኔ ይሰጠኛል» ብለህ በወረቀት አስፈርም።

በዚያው ሰሞን የዓመታዊ ምርመራ ጊዜዬ ደረሰ። ለቦሎ ስቀርብ በጭሱ ምክንያት ጣሉኝ። መጣላቸው ልክ ነው፣ ጭሱ ያስነውራል። ግን ወረቀቱን የያዘው ሰው ከልጄ ፊት «ይሄን ቆሻሻ ይዘህ አትምጣብን» ብሎ ጮኸብኝ። ምን መስተካከል እንዳለበት ስጠይቀው መስኮቱን ዘጋው። መኪናዬን አጥቤ፣ ተራ ጠብቄ የቀረብኩ ሰው ነኝ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

መፍትሔው የመጣው ደብረ ብርሃን ውስጥ በር ላይ ጽሑፍ እንኳ ከሌለው ትንሽ ጋራዥ ነው። ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ስካነሩን አስቀድመው አላወጡም። «አስነሳው» አሉኝና ኮፈኑን ከፍተው ዓይናቸውን ከቱርቦው ውጭ ባለው፣ ተንቀሳቃሽ ክንፎቹን በሚያዘው ሌላ ዘንግ ላይ ተከሉ። ቫኪዩም የሚጎትተው ቱርቦ ከሆነ ብዙዎቹ ላይ ሞተር ሲነሳ ዘንጉ ይሳባል፣ ሲጠፋ ይመለሳል። የኔ ሞተሩ ሲነሳ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቀረ። ከዚያ በእጅ የምትጨመቅ ትንሽ የቫኪዩም ፓምፕ አምጥተው በቀጥታ ዘንጉ ላይ ሞከሩ። ዘንጉ ያለ መንገራገር ተሳበ፣ የፓምፗ መርፌም አልወረደችም። «ይኼኛው ጤነኛ ነው፤ ሌባው ወደ ኋላ ነው ያለው» አሉ።

ቀጭኗን ጥቁር ቱቦ ከሶሌኖይዱ ጀምረው በጣታቸው እየዳሰሱ ሄዱ። ከባትሪው ኋላ፣ ብረት ማቀፊያ ውስጥ የምታልፍበት ቦታ ላይ ቆሙ። ቱቦዋን ከማቀፊያው አውጥተው አጠፍ ሲያደርጓት ከሥሯ የጥፍር ያህል ስንጥቅ ተከፈተ። ከላይ ሲያዩዋት ምንም የላት። ብረቱ ሲፈትጋት ከርሞ በልቷታል። ሞተሩ ሲሞቅ ላስቲኩ ይለሰልስና ስንጥቁ ይከፈታል። ጠዋት በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ደርቃ ትገጥማለች። ጋራዥ ስወስደው ደህና፣ መንገድ ላይ ሲሞት የከረመው ለዚህ ነበር። አዲስ ቱቦ ቆርጠው አስገቡ፣ ያቺን ብሎን ደግሞ በፓምፕና በስካነር እየለኩ ወደ ቦታዋ መለሷት። ለቱቦዋ የጠየቁኝ የምሳ ዋጋ አይሞላም። ለሥራቸው ግን ከጠየቁኝ በላይ ሰጥቻቸዋለሁ፣ ይገባቸዋል።

አሁን ያቺ የእጅ ፓምፕ ለኔም አለችኝ፤ ከመኪናዬ አትወርድም። መሐል ሜዳና ሞላሌ የሚመላለሱ ልጆች መኪናቸው ሲሞትባቸው ይጠሩኛል። አብዛኛውን ጊዜ ቱቦ ነው፤ አንዳንዴ የኢንተርኩለር (ቱርቦው የጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ጎማ ማሰሪያ ላልቶ ነው። የኢንተርኩለሩን ጎማ ስታይ በመጋጠሚያው ዙሪያ ዘይት የጠጣ አቧራ ካለ እዚያ እያፈሰሰ ነው። በላዩ ብቻ አትመልከት፣ ሥሩን በእጅህ ዳብሰው። ጎማው የሚቀደደው ሻንሲ በሚነካው በኩል ነው። የቫኪዩም ቱቦ ስትቀይር ደግሞ የመስታወት ውኃ መርጫ ቱቦ እንዳታስገባ፤ ሲሞቅ ይጨማደድና ይዘጋል።

አየር ፊልትሮውንና የናፍጣ ፊልትሮውን እንደቀየርክ ገምቻለሁ። ካልቀየርክ ከዚያ ጀምር፤ የኛ አገር አቧራና የዘመኑ ናፍጣ አይምርም።

ሦስት ነገር ጻፍልን፤ የኮዱን ቁጥር፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሞተር ሳይነሳ ማፕ ሴንሰሩ ስንት እንደሚያነብ፣ እና ቱርቦው ላይ የሚገባው ቀጭን ቱቦ ነው ወይስ የኤሌክትሪክ ሶኬት። የቶዮታ ዲፎርዲው 3.0 ዓይነት ሶኬት ከሆነ ዘንጉን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ስለሆነ የቱቦው ምርመራ አይሠራልህም፤ የሶኬቱን ሽቦና የክንፎቹን ጥላሸት ነው የምናየው። ቱቦ ከሆነ ግን ነገ ጠዋት ሳይሆን መንገድ ተጉዘህ ሞተሩ ትኩስ እያለ ኮፈኑን ክፈትና ዘንጉ እስከ መጨረሻው መሳቡን ተመልከት።