የኢኩሊብሪየም (የኬሚካዊ ሚዛን) እና የመሟሟት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው

ደሴ ላይ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ፈተና ሲቃረብ «ያስቸገራችሁን ላኩልኝ» ብዬ ነበርና ከደረሱኝ ጥያቄዎች እነሆ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ መምህር፣ የሲልቨር ክሎራይድ ኬኤስፒ (የመሟሟት ቋሚ ቁጥር) 1.8×10⁻¹⁰፣ የሲልቨር ክሮሜት ደግሞ 1.1×10⁻¹² ነው። ቁጥሩ የሚበልጠው ሲልቨር ክሎራይድ ስለሆነ እሱ ይበልጥ ይሟሟል ብዬ መለስኩ። ስህተት ነው ተባልኩ፤ ለምን?

መልስ፦ አብሽር፣ ጎበዝ ተማሪዎችም የሚሰናከሉበት ቦታ ነው። ኬኤስፒ የአዮኖቹ ኮንሰንትሬሽን (በአንድ ሊትር ያለው መጠን) ብዜት ነው እንጂ የሟሟው መጠን አይደለም። በአንድ ሊትር የሟሟውን ሞል «ሰ» እንበለው። ሲልቨር ክሎራይድ አንድ ለአንድ ስለሚበተን ሰ² = 1.8×10⁻¹⁰፤ ሰ = 1.3×10⁻⁵ ይወጣል። ሲልቨር ክሮሜት ግን ሁለት የሲልቨር አዮን ይሰጣል። ስለዚህ (2ሰ)² × ሰ = 4ሰ³ = 1.1×10⁻¹²፤ ሰ = 6.5×10⁻⁵። ኬኤስፒው ያነሰው ወደ አምስት እጥፍ በልጦ ሟሟ ማለት ነው!

«2ን ሁለቴ ቆጠርን እንዴ?» የሚሉኝ አሉ። አልቆጠርንም። በቅንፍ ውስጥ ያለው 2 የሲልቨሩን መጠን ይነግረናል፤ ከላይ ያለው ደግሞ የቀመሩ ሕግ ነው። ኬኤስፒን በቀጥታ ማወዳደር የሚቻለው ሁለቱ ጨዎች የሚበተኑበት የአዮን ብዛት አንድ ዓይነት ሲሆን ብቻ ነው።

ጥያቄ (ከዚያው ልጅ)፦ ሲልቨር ክሎራይዱ በ0.1 ሞላር (በሊትር 0.1 ሞል) የገበታ ጨው ውሃ ውስጥ ቢሆንስ?

መልስ፦ ክሎራይዱ አስቀድሞ ስላለ ሰ × 0.1 = 1.8×10⁻¹⁰፤ ሰ = 1.8×10⁻⁹ ብቻ ይሆናል።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ «ኤክስ ትንሽ ስለሆነ ተወው» የሚባለው መቼ ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ገምቺ፣ ከዚያ ፈትሺ። የዳይናይትሮጅን ቴትሮክሳይድን መበተን እንውሰድ፤ መነሻው 0.1 ሞላር፣ ኬሲው (የኢኩሊብሪየም ቋሚ ቁጥሩ) 4.6×10⁻³ ነው። የተበተነውን ኤክስ ካልነው፣ አንዱ ለሁለት ስለሚበተን ቀመሩ (2ኤክስ)² ÷ (0.1 − ኤክስ)፣ ማለትም 4ኤክስ² ÷ (0.1 − ኤክስ) ይሆናል። ከታች ያለውን ኤክስ ከተውሽው 0.0107 ታገኛለሽ፤ ይህ ከመነሻው ወደ 11 በመቶ ስለሚጠጋ ኤክስን ለመተው ከሚፈቀደው የ5 በመቶ ወሰን አልፏል። ስለዚህ በኳድራቲክ ቀመር ሥሪው፤ 0.0102 ይመጣል። ፈታኞች ይህን ሆን ብለው ያስገቡታልና ፍተሻውን አትዝለይ።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ካታሊስት ኬን (የኢኩሊብሪየም ቋሚ ቁጥሩን) ይለውጣል?

መልስ፦ አይለውጥም። ወደ ሚዛኑ የሚደረስበትን ጊዜ ብቻ ያሳጥራል። ኬን የሚለውጠው የሙቀት መጠን ነው።

ጥያቄ (ከደሴ፣ የተማሪ እናት)፦ ልጄ፣ ማንቆርቆሪያዬ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ምንድን ነው? በውሃ ባሸውም አይለቅም።

መልስ፦ እናቴ፣ ይህማ የልጅዎ ትምህርት ራሱ ነው። በውሃው ውስጥ ካልሲየምና ባይካርቦኔት ሟሙተው አሉ። ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፤ እሱ በወጣ ቁጥር ሚዛኑ የጎደለውን ለመተካት ወደዚያው ይገፋና ካልሲየም ካርቦኔት ይዘቅጣል። ይህ ደግሞ በንጹህ ውሃ እጅግ በጥቂቱ ነው የሚሟሟው፤ የማይለቅልዎትም ለዚህ ነው። የሎሚ ጭማቂ ወይም ኮምጣጤ በውሃ ቀላቅለው ትንሽ ያሙቁትና ያቆዩት። አሲዱ ካርቦኔቱን እየበላ አረፋ ያወጣል፣ ቅርፊቱም ይለቃል። ከዚያ በደንብ ያለቅልቁት።

ጥያቄ (ከከሚሴ)፦ በጠገበ ሙሙት (ከዚያ በላይ ማሟሟት በማይችል ውሃ) ላይ ጠጣሩን ብጨምር የሟሟው ይጨምራል?

መልስ፦ አይጨምርም። ጠጣር በኬኤስፒ ቀመር ውስጥ አይገባም፤ ታች መዝቀጡ እንጂ በውሃው ውስጥ ያሉት አዮኖች ያው ናቸው።