ጠይቁ እንመልስ፦ መጋረጃ ሲጋረድ ቺ የት ይገባል?

ባለፈው ዕትም ስለ አተነፋፈስ ትንሽ ነገር ጣል አድርገን ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤው ሁሉ ቻይናውያን በሰውነት ውስጥ ይዘዋወራል ስለሚሉት ስውር ኃይል፣ ስለ ቺ ሆኖ አረፈው። እሺ፣ ዛሬ ቺ በቺ ነን። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ውሹ (የቻይናን ማርሻል አርት) መሥራት ከጀመርኩ አራት ዓመቴ ነው። በቅርቡ ማስተራችን «የውስጥ ስልት» ብሎ ለብቻው የሚከፈልበት ትምህርት ጀመረ። ሦስት ሜትር ያህል ርቆ እጁን ሲዘረጋ የቆዩት ሠልጣኞች ወደ ኋላ ይወድቃሉ። እኔም አንድ ቀን ተንገዳግጃለሁ። እውነቱን ለመናገር ለምን እንደተንገዳገድኩ አላውቅም። ሳይንስ ይሄን ነገር መርምሮታል ወይ? እኔስ እንዴት ላጣራ? (ግራ የገባው ሠልጣኝ፣ ከሳሪስ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከደብዳቤህ በጣም የወደድኩት «ለምን እንደተንገዳገድኩ አላውቅም» ያልከውን ነው። ሌላው ሰው ወይ «ኃይሉ መታኝ» ይላል፣ ወይ «ውሸት ነው» ብሎ ይገላገላል።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። ቺ በቻይንኛ እንፋሎትም፣ አየርም፣ ትንፋሽም ነው። እኛ ጋ ነፍስ፣ መንፈስና ነፋስ ከአንድ ሥር እንደወጡት ዓይነት ነገር ነው። ታኦይስቶች (የቻይና ጥንታዊ እምነት ተከታዮች) ትንፋሽን ወደ ሆድ አውርዶ፣ ሐሳብን ከእምብርት በታች ዳንቲየን በሚሉት ቦታ ሰብስቦ፣ ጡንቻን አላልቶ መንቀሳቀስን ያስተምራሉ። ታይ ቺ፣ ባጓ እና ሺንግ ዪ የሚባሉት የፍልሚያ ስልቶች «የውስጥ» የተባሉት ለዚህ ነው። ማስተርህ ሁሉም ነገር ከዉዳንግ ተራራ፣ ከመነኩሴው ዣንግ ሳንፌንግ የመጣ ነው ብሎህ ከሆነ ደስ የሚል አፈ ታሪክ ነግሮሃል። በታሪክ የሚጨበጠው የታይ ቺ መነሻ ግን ሄናን ውስጥ ያለው የቼን ቤተሰብ መንደር ነው፤ ዘመኑ 17ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሰውየውም ቼን ዋንግቲንግ የሚባል ወታደር። ቺን በትንፋሽና በዝግ ያለ እንቅስቃሴ ማሠልጠን ነው የሚባለው «ቺጎንግ»፣ ስሙ ራሱ በዛሬው ትርጉሙ የተስፋፋው በ1950ዎቹ ነው። ሊዩ ጉይዠን የሚባል የፓርቲ ካድሬ የጨጓራ ቁስሉን በአተነፋፈስ ልምምድ እንዳዳነ ተናገረ፣ መንግሥትም ልምምዱን ወደ ሕክምና ተቋማት አስገባው። እና «የሺህ ዓመታት ጥበብ» ሲሉህ በግማሽ ስማ።

አሁን ወደ ምርመራው። በ1978 ሻንጋይ ውስጥ ጉ ሃንሰን የምትባል ተመራማሪ ከቺጎንግ ማስተር መዳፍ የሚወጣውን ነገር በመሣሪያ ለካሁ አለች። ያገኘችው ኢንፍራሬድ ጨረር ነው። ብዙ ሰው «በቃ፣ ቺ ተለካ!» አለ። ችግሩ ኢንፍራሬድ ከማንኛውም ሞቃት አካል ይወጣል፤ ከአንተም፣ ከእኔም፣ ምድጃ ላይ ካለው ጀበናም። ጨረር መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ ያ ጨረር ሰውን ከርቀት ያድናል ወይም ይጥላል ማለት ሌላ ነገር ነው።

በዓመቱ ደግሞ ሲቹዋን ውስጥ በጆሮው የሚያነብ ልጅ ተገኘ ተብሎ ጋዜጣ ላይ ወጣ። አገር ምድሩ በጆሮ አንባቢ ሞላ። የቻይና የሮኬት ፕሮግራም አባት የሚባለው ቺየን ሹዌሰን ሳይቀር ይህ ነገር እንዲጠና ጠንክሮ ደገፈ። እኔ እዚህ ላይ ሁሌም የምገረመው፣ ሮኬት የሚያስወነጭፍ ጭንቅላት እንኳ በጆሮ ማንበብን ሲያምን ነው። ሊቅ ሆነ ማለት አይታለልም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ሳይንቲስት የለመደው የማይዋሽ ነገር መመርመር ነው። ብረት አያጭበረብርም።

ከዚያ 1988 መጣ። ፓራኖርማል (ከተፈጥሮ ሕግ ውጪ ናቸው) የሚባሉ ነገሮችን የሚመረምር የአሜሪካ ቡድን፣ አስማተኛው ጄምስ ራንዲ ያለበት፣ በግብዣ ቻይና ሄደ። እዚያ አንድ የቺጎንግ ሐኪም አገኙ። ታካሚዋ አልጋ ላይ ትተኛለች፣ እሱ ሳይነካት ቺ ሲልክ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፣ ይወራጫል። የሚያይ ሰው ልቡ ይሰነጠቃል። መርማሪዎቹ ያደረጉት አንድ ቀላል ነገር ነው፦ ሐኪሙንና ታካሚዋን በተለያየ ክፍል አደረጓቸው፣ «አሁን ላክ» ወይም «አሁን አትላክ» የሚለውን ደግሞ በሳንቲም ወሰኑ። ታካሚዋ እሱ ሲልክም ስትወራጭ፣ ሳይልክም ስትወራጭ። የሁለቱ ሰዓት አልገጠመም።

ልብ በል፣ ሴትየዋ ታስመስል ነበር እያልኩ አይደለም። መወራጨቷ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ምንጩ ግን ከግድግዳው ማዶ አልነበረም።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው በጣም ነው የሚያስቀኝ። አሜሪካ ውስጥ ነርሶችን ጨምሮ ብዙ ሰው በእጅ የታማሚን «የኃይል መስክ» እናገኛለን፣ እናስተካክላለን ይላል። ኤሚሊ ሮዛ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለትምህርት ቤት ሳይንስ ፕሮጀክት ካርቶን አቆመች፣ ሁለት ቀዳዳ አበጀችለት። ባለሙያዎቹ ሁለት እጃቸውን አሾለኩ፤ እሷ ሳንቲም ጥላ በአንደኛው እጅ ላይ የራሷን እጅ ታንዣብባለች። የቱ እጅ ላይ እንዳለች መናገር ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው። 21 ባለሙያዎች፣ 280 ሙከራ፣ ትክክል የሆነው 44 በመቶ። ዓይን ጨፍኖ የሚገምት ሰው 50 ያመጣል! በ1998 የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት አሳተመው።

ሳይነኩ መጣልን በተመለከተ ደግሞ ጃፓናዊው ያናጊ ሪዩከን አለ። ተማሪዎቹን በእጅ ውዝዋዜ ብቻ እንደ ቅጠል ያረግፋቸው ነበር። በ2006 ከእሱ ተማሪ ካልሆነ ተፋላሚ ጋር ገንዘብ አስይዞ ገጠመ፤ ሰውየው አልወደቀም፣ ይልቁንም ማስተሩ ፊቱን ተመታ። የሚያሳዝነው፣ ከአኳኋኑ ሲታይ ራሱም ያምንበት የነበረ ይመስላል። ዓመት ሙሉ ተማሪዎችህ በእጅህ ጥቆማ እየወደቁ ማን ነው የማያምን?

የአንተም መንገዳገድ እዚያ ጋ ሳይሆን አይቀርም። ከፊትህ ያሉት ሁሉ ወደቁ፣ ማስተሩ ዓይንህን ያይሃል፣ ሁሉም ይጠብቅሃል፣ ጉልበትህም ላልቷል። ቆመህ ብትቀር የሚያፍረው እሱ ብቻ አይደለም፣ አንተም ነህ። ሰውነት ደግሞ ከባለቤቱ ቀድሞ ይሉኝታ ይይዘዋል።

እንዴት ታጣራለህ? ልትመታው አትሞክር። በ2017 ቼንግዱ ላይ ሹ ሺያዶንግ የታይ ቺ ማስተር ነኝ የሚለውን ዌይ ሌይን በሰኮንዶች ውስጥ ሲዘርረው ዓለም ሁሉ በቪዲዮ አየው፣ ግን ያ የሚያሳየው ሰውየው መፋለም አለመቻሉን ነው። ስለ ቺ ምንም አይልም። የሚያስፈልግህ ወፍራም መጋረጃ፣ ሳንቲም፣ ሁለት ወረቀትና ሦስት ጓደኛ ነው። ማስተሩ ከመጋረጃው ኋላ ይሆናል፣ ሠልጣኙ ከፊት፣ ከታች ፍራሽ ይነጠፋል። ከማስተሩ ጋር ያለው ጓደኛ በየዙሩ ሳንቲም ይጥላል፤ ጎፈር ከሆነ ይላክ፣ ዘውድ ከሆነ ዝም ይበል። ሠልጣኙን የሚያየው ሰው የሳንቲሙን ውጤት ማወቅ የለበትም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የሚያውቅ ሰው ሳይፈልግ በትንፋሹ፣ በዓይኑ ያሳብቃል። የወለል ድምፅና ጥላም እንዳያሳብቅ ራዲዮ ክፈቱ፣ መብራቱንም ከማስተሩ በስተኋላ አታድርጉ። ሠልጣኙ በየዙሩ «ተልኳል» ወይም «አልተላከም» ይበል። ሃያ ዙር ሥሩ። በግምት ብቻ አሥር አካባቢ ይገጥማል። አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ በዕድል የሚገጥመው መቶ ጊዜ ብትደግመው ሁለቴ ገደማ ነው፤ ያ ከመጣ ወንድሜ ድገመው፣ እንደገና ከመጣ ደውልልኝ፣ በታክሲ ነው የምመጣው።

አንድ ነገር ግን፣ ከመጀመርህ በፊት ማስተሩን «በዚህ ሁኔታ ይሠራል ወይ?» ብለህ በአክብሮት ጠይቅ፣ እሺ ካለም ጻፈው። አለበለዚያ ሲያልቅ «የሚጠራጠር ሰው ስለነበረ ቺው ተዘጋ» ይመጣል። ሰው ፊት አታፋጥጠው። ምናልባት እሱም የእውነት ያምን ይሆናል።

ጥያቄ፦ ቺጎንግ ስሠራ መዳፌ ይሞቃል፣ ይነዝረኛል። ይሄ በሐሳቤ የፈጠርኩት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይደለም፣ ሙቀቱ እውነት ነው። ሰውነት ሲረጋጋ የእጅ ደም ስሮች ይሰፋሉ፣ ደሙ ወደ ጣት ይወርዳል፤ ሐሳብህን መዳፍህ ላይ ስታደርግ ደግሞ ቀድሞም የነበረውን ስሜት ማድመጥ ትጀምራለህ። እስቲ አሁን ስለ ምላስህ አስብ። ይኸው፣ አፍህ ውስጥ የት እንደምትቀመጥ ጠፋህ። ኸርበርት ቤንሰን የሚባል የሃርቫርድ ሐኪም በ1982 ባወጣው ጥናት የቲቤት መነኮሳት በማሰላሰል የጣታቸውን ሙቀት እስከ 8.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ እንዳደረጉ ለክቷል። እነሱ ቡድሂስቶች ናቸው እንጂ ታኦይስቶች አይደሉም፣ ግን ሰውነቱ ያው ሰውነት ነው። የሚቀረው ሙቀቱ ወደ ሌላ ሰው ይሻገራል የሚለው ነው። መንዘሩ ከንፈርህ ላይም ከመጣና ጣቶችህ መኮማተር ከጀመሩ ግን ቶሎ ቶሎ እየተነፈስክ ነው፤ ደምህ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወርዷል። ቀስ በል።

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመታቸው ነው፣ ባለፈው ክረምት በረዶ ላይ ወድቀዋል። ሐኪማቸው ታይ ቺ ይሥሩ አለ። የቤተ ክርስቲያን ወዳጃቸው ደግሞ «ባዕድ መንፈስ ነው» ብላ አስፈራራቻቸው። እውነት ይጠቅማል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እህቴ፣ እማማን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ለሚወድቅ አዛውንት ይጠቅማል፣ እዚህ ላይ ማስረጃው ደህና ነው። በ2018 የወጣ የኦሪገን ጥናት 670 ሰዎችን ይዟል፤ ሁሉም ከ70 ዓመት በላይ፣ ወይ ባለፈው ዓመት የወደቁ ወይ መራመድ የከበዳቸው። ለ24 ሳምንታት በሳምንት ሁለቴ፣ አንድ አንድ ሰዓት ሠሩ። ታይ ቺ የሠሩት መፍታታትና ማሳሳብ ብቻ ከሠሩት ይልቅ መውደቃቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። በ2012 ደግሞ 195 የፓርኪንሰን ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ሚዛናቸው ተሻሽሏል። በእርግጥ እዚህ መጋረጃ መጋረድ አይቻልም፣ ሰው ታይ ቺ እየሠራ መሆኑን ያውቀዋላ! ግን መውደቅ የሚቆጠር ነገር ነው፤ ወለል ላይ ነሽ ወይ አይደለሽም።

ምክንያቱም ስውር አይደለም። ጉልበት ሸብረክ አድርጎ ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው በዝግታ ማሻገር፣ ስትዞሪ ዳሌሽ የት እንዳለ ማወቅ፣ አንድ እግር አየር ላይ እያለ አለመደንገጥ። ቀን በቀን የምንወድቀው በነዚህ ሽግግሮች ላይ ነው።

ስለ መንፈሱ የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ፣ እሱ የኔ ሥራ አይደለም። ሲጠይቁ ግን ምን እንደሚሠሩ በትክክል ይንገሯቸው። አንድ ነገር ልጨምርልሽ፦ የታይ ቺ «ቺ» ያ የኃይሉ ቺ አይደለም፣ በቻይንኛ ሌላ ፊደል፣ ሌላ ቃል ነው፤ ታይ ቺ ማለት «ከሁሉ የላቀው ጫፍ» እንደማለት ነው። በአማርኛ ሲጻፍ ስለተመሳሰለ ነው ስንት ሰው የሚያምታታው። ሲጀምሩ ከጎናቸው ወንበር ይኑር፣ የሚያንሸራትት ነጠላ ጫማም አይሁን።

ጥያቄ፦ አንድ የታይ ቺ ሽማግሌ አራት ጎረምሳ ገፍቶ አላነቃነቀውም፣ በቪዲዮ አየሁ። ጡብ የሚሰብሩትስ? (ከመቀሌ)

መልስ፦ የጡቡ ያረጀ ጥያቄ ነው። ፌልድ እና ማክኔር የሚባሉ የፊዚክስ ሰዎች በ1979 የካራቴ ምትን በፎቶ ለክተው እጅ በሰኮንድ እስከ 14 ሜትር እንደሚፈጥን አሳይተዋል። በትክክለኛው ቦታ ከተመታ አጥንት ከጡብ ይበረታል። ሮናልድ ማክኔር ራሱ ጥቁር ቀበቶ ነበረው፤ በ1986 ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ስትፈነዳ ከሞቱት ጠፈርተኞች አንዱ ነው። አንተ ግን ቤት ውስጥ አትሞክር፣ የእኛ ሰፈር ብሎኬት ስንት ሲሚንቶ እንዳለበት አይታወቅም።

የሽማግሌው ይበልጥ ይጥመኛል። በ1880ዎቹ ሉሉ ኸርስት የምትባል የአሜሪካዋ ጆርጂያ ጉብል መድረክ ላይ ወጥታ ጎበዝ ጎበዝ ወንዶች ሲገፏት ንቅንቅ አትልም ነበር፤ ሕዝቡ ስውር ኃይል አላት ይል ነበር። በኋላ መድረኩን ትታ ራሷ ምስጢሩን ጻፈችው፦ የሚገፋህን ሰው ጉልበት በትንሹ ወደ ላይ ካዞርከው እግሩ ከመሬት ይላላል፣ መግፊያ ያጣል። ተሰልፈው ሲገፉ ደግሞ ከኋላ ያሉት የፊተኛውን ነው የሚገፉት እንጂ ሽማግሌውን አይደለም። ታይ ቺዎች ይህንኑ ዓመታት ፈጅተው በሁለት ሰው የመግፋት ልምምድ ይማሩታል፣ ጎበዞቹ ደግሞ በጣት ዳሰሳ ብቻ ሚዛንህ የት እንደተዛባ ያውቃሉ። ይሄን እኔ ማጭበርበር አልለውም። ለዚህ ለዚህማ እኔም እከፍላለሁ።

የሳሪሱ ልጅ፣ መጋረጃውን ከሞከርክ ወረቀቶቹን እንዳሉ ላክልኝ፤ ውጤቱ ምንም ይሁን፣ በሚቀጥለው ዕትም እናወጣዋለን።